ከረጅም ዕረፍት በኋላ፦ የጀልባ ሞተርን መልሶ የማስነሣት ሳይንስ

ሐይቅ ዳር በምትገኝ ከተማ የኖረ ሰው የሚከተለውን ትዕይንት ሳያይ አይቀርም። ለወራት ዳር ላይ ታስሮ የከረመ ጀልባ በድንገት ለሥራ ይፈለጋል። ባለቤቱ ከጀልባው ኋላ ቆሞ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ይስባል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ዐሥሬ፣ ሠላሳ ጊዜ። ዳር ከቆሙት አንዱ «ነዳጅ አልደረሰውም» ሲል ሌላው «ነዳጅ በዝቶበት ነው» ይላል። ሞተሩ ግን ዝም። በመጨረሻ ክንድ ይዝልና «ዛሬስ እንቢ ብሏል» ተብሎ ይተዋል።

እኔም ከዚህ ትዕይንት አላመለጥሁም። ትምህርቴን በውጭ አገር ጨርሼ ከተመለስሁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ የጣና ሐይቅን መጠነ ሙቀት በየጥልቀቱ ለመለካት ከተማሪዎቼ ጋር ወጣን። የተሰጠን ጀልባ ሁለት ክረምት ሳይንቀሳቀስ የቆየ ነበር። ሞተሩ በአምስተኛው ስበት ተነሣ፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ እኔም አንዳች ሳልጠይቅ ተሳፈርሁ። ከባሕር ዳር ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ራቅን ሞተሩ መንተፋተፍ ጀመረ፤ ከዚያም ጠፋ። የከሰዓት በኋላው ነፋስ ተነሥቶ ስለ ነበር በአንድ መቅዘፊያና በአንድ ጣውላ ዳር የደረስነው ከብዙ ድካም በኋላ ነው። አንዲት ተማሪ መንገዱን ሁሉ ስታለቅስ ነበር፤ መዋኘት እንደማትችል የነገረችን ያን ጊዜ ነው። እኔም ቀድሜ አልጠየቅኋትም ነበር።

ዳር ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ጀልባ ነጂ ቀረብ አሉና፣

«መምህር፣ ይህ ቤንዚን ስንት ጊዜው ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ፤ ጀልባው ላይ የነበረ ነው።»

የነዳጁን ጋን ክዳን ከፍተው አሸተቱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲያማ ከሆነ መነሣቱም ይገርማል። ይህ እኮ የሚሸተው እንደ ቤንዚን ሳይሆን እንደ ቀለም ነው።»

የፊዚክስ መምህሩ እኔ ነበርሁ፤ ተገቢውን ጥያቄ ያነሡት ግን እርሳቸው ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ያ ጥያቄ የሚመራንን ሳይንስ ነው። ፍሬ ነገሩም ይህ ነው፦ የቆመ ሞተር መሥራቱን ያቆማል እንጂ በውስጡ የሚካሄደው ለውጥ አይቆምም። ነዳጁ ይተናል፣ ይዋሐዳል፤ ብረቱ ይዝጋል፤ ላስቲኩ ይደርቃል። ስለዚህ መልሶ ማስነሣት የጉልበት ሥራ ሳይሆን የምርመራ ሥራ ነው፤ ሞተሩ መነሣቱም ብቻውን ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

አራቱ ቅድመ ሁኔታዎች

በጣና ላይ ለብዙ ዘመናት ዓሣ ሲጠመድ የኖረው ከደንገል በሚሠራ ታንኳ ነው። ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረብ ለዓሣ ማስገር ሥራ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ ከጀልባ ጀርባ የሚታሰረው የቤንዚን ሞተር ለዓሣ አስጋሪውም፣ ወደ ገዳማቱ ለሚጓዘው መንገደኛም የዕለት ተዕለት መሣሪያ ሆኗል። በአብዛኛው የምናየው አነስተኛው ባለ ሁለት ምት ሞተር በመሆኑ የምንነጋገረው ስለ እርሱ ነው፤ በባለ አራት ምቱም ቢሆን መሠረታዊው ሐሳብ አይለወጥም።

ማንኛውም እንዲህ ያለ ሞተር ለመሥራት አራት ነገሮችን ይሻል። አንደኛ፣ በተመጠነ ልክ የተደባለቀ የነዳጅ ትነትና አየር፤ ሁለተኛ፣ ይህን ድብልቅ አምቆ የሚይዝ ሲሊንደር፤ ሦስተኛ፣ በወቅቱ የሚፈነጥቅ የካንዴላ ብልጭታ፤ አራተኛ፣ ግለቱን ተሸክሞ የሚወጣ ውኃ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከጎደሉ ሞተሩ አይነሣም። አራተኛው ከጎደለ ግን ሞተሩ ይነሣል፤ ከዚያም ይጠፋል፤ ምናልባትም ለዘለቄታው። ረጅም ዕረፍት አራቱንም ይነካል። በየተራ እንመልከታቸው።

ቤንዚን ያረጃል

ቤንዚን አንድ ወጥ ፈሳሽ አይደለም። ከአራት እስከ ዐሥራ ሁለት ገደማ የካርቦን አተሞች ያሏቸው የብዙ ዓይነት ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። ቀላሎቹ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲፈሉ ከባዶቹ እስከ 200 ዲግሪ ድረስ ይዘልቃሉ። ቀዝቃዛ ሞተር የሚነሣው በቀላሎቹ ነው፤ ምክንያቱም ፈሳሽ ቤንዚን አይቀጣጠልም፤ የሚቀጣጠለው ትነቱ ነው። ትነቱም ቢሆን የሚቀጣጠለው ከአየሩ ይዘት ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ገደማ ሲይዝ ብቻ ነው። ከዚያ ቢያንስ ወይም ቢበልጥ የቱንም ያህል ብልጭታ ቢኖር እሳት አይያዝም።

ጋኑ ለወራት ሲቀመጥ ቀድመው አየር ላይ የሚበኑት እነዚሁ ቀላል ሃይድሮካርቦኖች ናቸው። ቀን ሲሞቅ በጋኑ ውስጥ ያለው አየር ከትነት ጋር ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ንጹሕ አየርና እርጥበት ይገባል። ጋኑ በዚህ ዓይነት በየቀኑ ይተነፍሳል ማለት ነው። የቀረው ፈሳሽ አሁንም ቤንዚን ይመስላል፤ ክብሪት ቢቀርበው ይነድዳል፤ በቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ ግን በቂ ትነት አይሰጥም።

ሁለተኛው ለውጥ ኬሚካዊ ነው። በቤንዚን ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሞለኪውሎች ከኦክስጅን ጋር ቀስ በቀስ ይዋሐዳሉ፤ የተፈጠሩት ውሁዶችም እርስ በርስ እየተያያዙ ከባድና የሚጣበቅ ሙጫ ይሆናሉ። የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት መጠነ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግርድፉ በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በ10 ዲግሪ ምድር ቤት ከተቀመጠ ቤንዚን ይልቅ በ30 ዲግሪ ቆርቆሮ ቤት የተቀመጠው አራት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ያረጃል። ከሞተር ጋር የሚመጡት መመሪያዎች በአብዛኛው የሚያስጠነቅቁት ስለ ክረምት በረዶ ነው፤ ውኃ ሲረጋ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ብረት ሊሰነጥቅ ይችላልና። በእኛ ሐይቆች ግን ውኃ አይረጋም። የእኛ ጠላት ሙቀቱ ነው።

በቤንዚን ውስጥ ኤታኖል ካለ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2008 በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት እንዲህ ያለው ድብልቅ ይሸጥ ነበር። ኤታኖል ውኃን ይስባል፤ 10 በመቶ ኤታኖል ያለው ቤንዚን ከይዘቱ ግማሽ በመቶ ያህል ውኃ ከያዘ በኋላ ኤታኖሉና ውኃው አብረው ተለይተው ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ነዳጁን የሚስበው ቱቦም አፉ ከጋኑ ግርጌ ላይ ነው።

ባለ ሁለት ምት ሞተር የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በተደባለቀ ዘይት እንደ ሆነም መርሳት አይገባም። ቤንዚኑ ይተናል፤ ዘይቱ ግን ይቀራል። በ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ቢጨመር ምጥኑ 50 ለ 1 ነው። ከቤንዚኑ 3 ሊትር ቢተን 35 ለ 1 ይሆናል። ካንዴላውን የሚያጠቁረውና ጢሱን የሚያበዛው አንዱ ይህ ነው።

የአንዲት ቀዳዳ ሒሳብ

ካርቡሬተር የሚሠራው በበርኑሊ መርሕ ነው። አየር በጠባብ አንገት ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ዝቅ ያለው ግፊትም ከታች ካለችው ትንሽ ቋት ቤንዚን በቀጭን ቀዳዳ ይስባል። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ቤንዚኑን የምትመግበው ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰች ልትሆን ትችላለች።

ቋቷ የምትይዘው ቤንዚን ጥቂት ስለ ሆነ ፈጥኖ ይተናል፤ ሙጫው ግን በቀዳዳዋ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ዲያሜትሯ 0.4 ሚ.ሜ. በሆነች ቀዳዳ ዙሪያ 0.05 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ሙጫ ቢለጠፍ፣ የቀረው ዲያሜትር 0.3 ሚ.ሜ. ነው። በዓይን ሲታይ ልዩነቱ ከቁብ የሚቆጠር አይደለም። የሚያልፈው ፈሳሽ ግን ከቀዳዳዋ ስፋት ጋር፣ ማለትም ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር ይመጣጠናል፦

0.3 × 0.3 ÷ (0.4 × 0.4) = 0.56

ነዳጁ በ44 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። መንገዱ ቀጭንና ረጅም ቱቦ ከሆነ ደግሞ ፍሰቱ ከዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚመጣጠን የሚቀረው 32 በመቶ ብቻ ነው። ከፀጉር ዘለላ የማይወፍር ሙጫ አንድን ጀልባ ሐይቅ መካከል ሊያስቀር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛንም ሞተር ያጠፋው ይኸው ነበር፤ ካርቡሬተሩ ሲከፈት የቋቷ ግርጌ በቡናማ ቅባት ተሸፍኖ ተገኘ። ሞተሩ ስንነሣ የሠራው የቀረችው ጠባብ መንገድ ለጥቂት ጊዜ ስለ በቃችው ነው፤ በኋላ ከጋኑ የመጣ ዝቃጭ እርሷንም ደፈናት።

ቀዳዳዋን በብረት ሽቦ መጎርጎር የተለመደ ስሕተት ነው። ቀዳዳዋ የተሠራችው ለስላሳ ከሆነው ናስ ነው፤ ከ0.40 ወደ 0.45 ሚ.ሜ. ብትሰፋ ነዳጁ በ27 በመቶ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሳት የለም። የካርቡሬተር ማጽጃ ፈሳሽና የታመቀ አየር በቂ ናቸው።

ከፍታውን አንርሳ

ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊትና እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ በፋብሪካ 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር እዚህ የሚሰጠው 12 ያህል ነው።

ከዚህ ይልቅ ለርእሳችን የሚጠቅመው ሌላው ውጤት ነው። ሲሊንደሩ በየዙሩ የሚስበው የአየር ክብደት ከእፍጋቱ ጋር እኩል ይቀንሳል። ካርቡሬተሩ የሚስበው ነዳጅ ግን የሚቀንሰው ከእፍጋቱ ካሬ ሥር ጋር ብቻ ነው። የ0.8 ካሬ ሥር 0.89 ስለ ሆነ፣ አየሩ በ20 በመቶ ሲቀንስ ነዳጁ የቀነሰው በ11 በመቶ ብቻ ነው። ድብልቁ በባሕር ወለል ከሚሆነው በ12 በመቶ ገደማ ነዳጅ የበዛበት ይሆናል።

ቾክ የሚባለው ክዳን አየርን ቀንሶ ነዳጅን የሚያበዛ መሣሪያ ነው። ለቀዝቃዛ ሞተር አስፈላጊ ነው፤ ከባዶቹ ሃይድሮካርቦኖች ስለማይተኑ ቀላሎቹን ለማብዛት ይረዳል። በከፍታ ቦታ ግን ድብልቁ አስቀድሞ የወፈረ ስለ ሆነ ቾኩ ተዘግቶ ብዙ ጊዜ ከተሳበ ካንዴላው በነዳጅ ይርሳል፤ የራሰ ካንዴላም አይፈነጥቅም። ለባሕር ወለል የተጻፈ መመሪያን በጣና ላይ እንዳለ መከተል የማያዋጣው በዚህ ነው። ሞተሩ ቀጣጥሎ ጥቂት ሲል ወይም ከአራት አምስት ስበት በኋላ ቾኩን መክፈት ይመረጣል።

ብልጭታው

በትናንሽ የጀልባ ሞተሮች ብልጭታው የሚመነጨው ከባትሪ አይደለም። በሞተሩ አናት ላይ ያለው ከባድ ዘዋሪ ጎማ ማግኔቶች አሉት፤ ገመዱ ሲሳብ ማግኔቶቹ በሽቦ ጥቅል አጠገብ ያልፋሉ። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ በጥቅሉ ውስጥ የሚፈጠረው ቮልቴጅ መግነጢሳዊው ፍሰት ከሚለወጥበት ፍጥነት ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ገመድን በዝግታ ሠላሳ ጊዜ መሳብ በፍጥነት አንድ ጊዜ ከመሳብ ጋር አይተካከልም። ድካሙ ሲበዛ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ብልጭታው ይደክማል። የመጨረሻዎቹ ሃያ ስበቶች ከመጀመሪያዎቹ ዐሥር ያነሰ ተስፋ ያላቸው ለዚህ ነው።

ማግኔቶቹ በጥቂት ዓመታት ዕረፍት አይደክሙም። የሚበላሹት መገናኛዎቹ ናቸው፦ የካንዴላው ጫፍ፣ ከሞተሩ አካል ጋር የሚታሰረው ሽቦ፣ የማጥፊያው ቁልፍ። ከነጂው ክንድ ጋር የሚታሰረው የደኅንነት ገመድ ቁራጭ በቦታው ከሌለም ሞተሩ ፈጽሞ ብልጭታ አይሰጥም። ብዙ ሰው ካርቡሬተር ፈቶ ገጥሞ ሲያበቃ ጥፋቱ ይህ ሆኖ ያገኘዋል።

ካንዴላውን አውጥቶ፣ አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ ብልጭታውን ማየት የተለመደ ፈተና ነው። ነገር ግን ይህ ፈተና ያታልላል። አየርን ለመስበር በባሕር ወለል ለአንድ ሚሊ ሜትር 3,000 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል፤ በጣና ከዚያም ያነሰ ነው። በሲሊንደር ውስጥ ግን አየሩ ስድስት እጥፍ ያህል ታምቋል። ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 ባገኘው ሕግ መሠረት የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በጋዙ እፍጋትና በክፍተቱ ርዝመት ብዜት ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ከ15,000 ቮልት የማያንስ ሊፈለግ ይችላል። በአየር ላይ የፈነጠቀ ካንዴላ በሲሊንደር ውስጥ ላይፈነጥቅ ይችላል ማለት ነው። አስተማማኙ ፈተና 6 ሚ.ሜ. ያህል ክፍተት ባለው የብልጭታ መፈተሻ የሚደረገው ነው። ይህን ፈተና የፈሰሰ ቤንዚን ባለበት ማድረግ ግን እሳት መጥራት ነው።

ሲሊንደሩና ውኃው

ሞተሩ ሲቆም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለው ቀጭን የዘይት ሽፋን ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። የሌሊቱ ቅዝቃዜ እርጥበቱን በብረቱ ላይ ጤዛ ያደርገዋል፤ ዝገትም ይጀምራል። የደረቀውንና የዛገውን ሲሊንደር በኃይል ማዞር የፒስተኑን ቀለበቶች ይሰብራል። ስለዚህ ካንዴላው ይወጣና በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይጨመራል፤ ከዚያ ገመዱ በዝግታ ይሳባል። ዘይቱ ግድግዳውን ያለሰልሳል፤ በቀለበቶቹ ዙሪያ ያለውንም ክፍተት ስለሚዘጋ እመቃው ይመለሳል። ሞተሩ ጨርሶ ካልዞረ ግን ዘይቱን ጨምሮ ማደር እንጂ መታገል አይገባም።

ግለቱን የሚያወጣው ውኃ የሚሳበው ከሐይቁ ነው። የሚስበውም የላስቲክ ክንፎች ያሉት ትንሽ ፓምፕ ነው። ክንፎቹ በቤታቸው ውስጥ ተጣጥፈው ስለሚቀመጡ ለወራት ሳይንቀሳቀሱ ሲቆዩ እንደ ተጣጠፉ ይቀራሉ፤ ይደርቃሉ፤ ይሰነጠቃሉም። ነፍሳት በውኃው መውጫ ቀዳዳ ጎጆ ይሠራሉ። በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 መኖሩ የታወቀው የእምቦጭ አረምም ሥሩና ቅጠሉ የውኃውን መግቢያ ወንፊት ሊደፍን ይችላል።

ለስሌት ያህል በሙሉ ኃይል የሚሠራ ሞተር በውኃው አማካይነት 10 ኪሎ ዋት ሙቀት ያስወግዳል እንበል። ውኃው በ30 ዲግሪ ሞቆ የሚወጣ ከሆነ በደቂቃ 4.8 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ውኃው ቢቋረጥስ? ሙቀቱ 10 ኪሎ ግራም አሉሚኒየም ውስጥ ቢቀር መጠነ ሙቀቱ በየሰከንዱ ከአንድ ዲግሪ በላይ ይጨምራል፤ በአንድ ደቂቃ ተኩል 100 ዲግሪ ማለት ነው። የላስቲኩ ፓምፕ ደግሞ ይህን ያህል እንኳ አይታገሥም፤ የሚያለሰልሰው ራሱ ውኃው በመሆኑ በደረቁ ከዞረ በአጭር ጊዜ ይበላሻል። «ለአንድ አፍታ ብቻ» ተብሎ ሞተርን ያለ ውኃ ማስነሣት የማይገባው ለዚህ ነው።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

1. ክዳኑን ከፍቶ መመልከት። የተሰነጠቀ የነዳጅ ቱቦ፣ አይጥ የበላው ሽቦ፣ የነፍሳት ጎጆ ይፈለግ።

2. አሮጌውን ነዳጅ ከጋኑም ከካርቡሬተሩ ቋትም ማውጣት፤ ፊልትሮውን መለወጥ፤ ካርቡሬተሩን ማጽዳት። ሦስት ወር ያለፈው ቤንዚን ይጠርጠር። የወጣው ነዳጅ ወደ ሐይቁም ወደ መሬትም አይደፋ፤ ሰውም ዓሣም የሚኖረው በዚያው ውኃ ነው። በሚዘጋ የብረት ዕቃ ወደ ጋራዥ ይወሰድ።

3. የታችኛውን የማርሽ ቤት ዘይት ማየት። ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ መዝጊያ ላስቲኩ ሳይለወጥ ሥራ አይጀመር።

4. ካንዴላውን አውጥቶ በሲሊንደሩ ዘይት መጨመር፤ ሞተሩን በዝግታ ማዞር፤ ከዚያ ብልጭታውን ፈትኖ ንጹሕ ወይም አዲስ ካንዴላ መግጠም።

5. አዲስ ቤንዚን ከሁለት ምት ዘይት ጋር አምራቹ ባዘዘው ምጥን መደባለቅ። አሮጌው ድብልቅ ዘይት ስለ በዛበት ብሎ ንጹሕ ቤንዚን በግምት መጨመር ሞተሩን ያለ ማለስለሻ ሊያስቀረው ይችላል።

6. ሞተሩን ዳር ላይ አጥብቆ አስሮ እግሩን ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ መንከር። ውኃው ከፓምፑ በላይ ይድረስ፤ ውልብልቢቱ ይውለቅ፤ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። ቦታው ገላጣ ይሁን፤ የጢሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ በዝግ ቤት ይገድላል።

7. የጋኑን መተንፈሻ ከፍቶ የእጅ ፓምፑን እስኪጠነክር መጭመቅ፤ ቾኩን መዝጋት፤ ገመዱን እስኪከብድ በዝግታ፣ ከዚያ በአንድ ፈጣን ምት መሳብ።

8. ሲነሣ ወዲያውኑ የውኃ መውጫውን መመልከት። በ15 ሰከንድ ውስጥ ውኃ ካልወጣ ሞተሩ ይጥፋ።

በዐሥር ስበት ካልተነሣ ይቁም፤ ካንዴላው ወጥቶ ይታይ። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም፤ ምርመራው ወደ ቱቦውና ወደ ካርቡሬተሩ ይሂድ። እርጥብ ከሆነ ነዳጅ ደርሷል፤ ምርመራው ወደ ብልጭታው ወይም ወደ ቾኩ ይዙር። ይህች አንዲት ትዝብት የጥፋቱን አካባቢ ለሁለት ትከፍላለች። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ በቤተ ሙከራም በጀልባም ላይ የሚሠራ ሕግ ነው። ካንዴላውንም ነዳጁንም ቾኩንም በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ሞተሩ ቢነሣለትም ጥፋቱ የት እንደ ነበረ አላወቀም።

9. ሞተሩ በበርሜሉ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ይሥራ፤ በዝቅተኛ ዙር (ሚኒሞ) ሳይንተፋተፍ መሥራቱ ይረጋገጥ። ከዚያ ውልብልቢቱ ተገጥሞ የመጀመሪያው ጉዞ ከዳር ሳይርቁ ይደረግ፤ መቅዘፊያ፣ መልሕቅና ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ሰደርያ ተይዞ። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ሐይቅ ላይ መንገደኛን የሚጭነው ይህን ፈተና ያለፈ ሞተር ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው ዕረፍት

ከላይ ከተዘረዘረው ድካም አብዛኛውን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። ጀልባው ከወር በላይ የሚቆም ከሆነ የነዳጁን ቱቦ ነቅሎ ሞተሩ በቋቷ ውስጥ ያለውን ቤንዚን እስኪጨርስ በውኃ ላይ ማሠራት፤ ካንዴላውን አውጥቶ ጥቂት ዘይት መጨመር፤ የማርሽ ዘይቱን መለወጥ፤ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ፤ በየወሩም ገመዱን በዝግታ ጥቂት መሳብ። በመጨረሻም ቤንዚኑ የተቀዳበትን ቀን በጋኑ ላይ መጻፍ። እኛ ከዚያ ጉዞ ወዲህ የጀመርነው ይህን ነው፤ ከጉዞ በፊትም ሁሉም ተሳፋሪ መዋኘት መቻል አለመቻሉን እንጠይቃለን።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ. ዲያሜትሯ 0.5 ሚ.ሜ. በሆነች ቀዳዳ ዙሪያ 0.05 ሚ.ሜ. ሙጫ ቢለጠፍ፣ ፍሰቱ ከስፋቷ ጋር የሚመጣጠን ከሆነ በስንት በመቶ ይቀንሳል?

ለ. 24 ሊትር የሚይዝ ጋን በግማሹ ቤንዚን አለው፤ መተንፈሻው ግን ተዘግቷል። የውጩ ግፊት 81 ኪሎ ፓስካል ነው። ሞተሩ 1 ሊትር ከሳበ በኋላ በጋኑ ውስጥ ያለው ግፊት በስንት ይቀንሳል? ይህስ ስንት ሜትር ከፍታ ካለው የቤንዚን ዓምድ ጋር ይስተካከላል? (የመጠነ ሙቀቱን ለውጥና የትነቱን ድርሻ ለጊዜው እንተው፤ የቤንዚን እፍጋት 740 ኪ.ግ. በሜትር ኩብ ይወሰድ።)

ሐ. አንድ ሞተር ዳር ላይ ይነሣል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል፤ የጋኑ ክዳን ሲከፈት «ፍስስ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ እንደ ገና ይነሣል። ጥፋቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሀ. በ36 በመቶ። ለ. አየሩ ከ12 ወደ 13 ሊትር ስለሚሰፋ ግፊቱ በ6.2 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይቀንሳል፤ ይህም 0.86 ሜትር ከፍታ ካለው የቤንዚን ዓምድ ጋር ይስተካከላል፤ ትንሹ የነዳጅ ፓምፕ ተጨማሪ ይህን ያህል ከፍታ እንዲስብ የተገደደ ያህል ነው። ሐ. የተዘጋ መተንፈሻ። ሞተሩም፣ ካርቡሬተሩም፣ ካንዴላውም ጤነኞች ናቸው።